ተራኪው በሌለበት

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ልቦለድና ስለ ቴሌቪዥን ነው። አንድ የታወቀ የድሮ ልቦለድ ዘመኑን ከነልብሱ፣ ከነቤቱና ከነወጉ ይዞ ተከታታይ ድራማ ሲሆን ደራሲው የጻፈው ነገር ምን ይሆናል? ምን ይጎድላል? ምንስ ይጨመራል? በደፈናው ከማውራት አንድ ሥራ ይዘን በቅርብ ብናየው ይሻላል። የመረጥሁት የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1995 በስድስት ክፍል ያሳየውን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ነው። ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መጽሐፉን ለማታውቁት ጥቂት ልበል። ደራሲዋ ጄን ኦስተን በ1775 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሸር በሚባለው አውራጃ፣ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደች። ታሪኩን መጀመሪያ የጻፈችው በሃያና በሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ታትሞ የወጣው ግን በ1813 ነው። የማሳተም መብቱን በ110 ፓውንድ ሸጠችው። መጽሐፉ ላይ ስሟ አልተጻፈም ነበር። በ1817 በአርባ አንድ ዓመቷ አረፈች።

ታሪኩ የቤኔት ቤተሰብ ታሪክ ነው። ባልና ሚስቱ አምስት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ ወንድ ልጅ የላቸውም። የአባትየው መሬት በዓመት 2,000 ፓውንድ ያስገባል፤ ለአንድ የገጠር ባላባት ደኅና ገቢ ነው። ነገር ግን ርስቱ ከወንድ ወራሽ በቀር ለማንም እንዳይተላለፍ በሕግ ታስሯል። አባትየው ዐይናቸውን በከደኑ ማግስት ቤቱም መሬቱም ሚስተር ኮሊንስ ለሚባል ዘመድ ይሆናል፤ እናትና ልጆች እቃቸውን ይዘው ይወጣሉ ማለት ነው። እንግዲህ በሰፈሩ ቢንግሊ የሚባል አንድ ሀብታም ወንደላጤ ኔዘርፊልድ የሚባል ትልቅ ግቢ ተከራየ ሲባል እናቲቱ ሚሲስ ቤኔት የሚንገበገቡት ወደው አይደለም። ሁለተኛዋ ልጅ ኤልዛቤት የዚያን ወንደላጤ ጓደኛ፣ በዓመት 10,000 ፓውንድ የሚያገኘውን ኩሩውን ሚስተር ዳርሲን ትጠላዋለች። እርሱም መጀመሪያ ይንቃታል፤ ኋላ ይወዳታል። ሁለቱም ስለ ሌላው የያዙት ግምት እንዴት እንደሚፈርስ ማየት ነው የመጽሐፉ ደስታ።

ይህን ሁሉ በመጽሐፉ የምንሰማው ከአንድ ድምፅ ነው፤ ከተራኪዋ። ተራኪዋ በታሪኩ ውስጥ ሰው አይደለችም፤ ስም የላትም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምራ አለች። ኮስተር ብላ ትናገራለች፤ ቃሏን ግን በሰምና ወርቅ ጆሮ ካልሰማችሁት ያመልጣችኋል። አንዱን ሰው የምታመሰግን መስላ ታጋልጠዋለች። አንዳንዴም ሳይታወቃችሁ ኤልዛቤት ልብ ውስጥ ገብታ የኤልዛቤትን ስሕተት እንደ እውነት አድርጋ ትነግራችኋለች፤ ልጅቱ ስትሳሳት እናንተም አብራችሁ ትሳሳታላችሁ።

እኛ ሬዲዮ ሰሚዎች የተራኪን ዋጋ እናውቃለን። የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስቡ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው፤ ማንበብ ያልቻለው ሳይቀር የወደደው ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ሬዲዮ የደራሲውን ትረካ አልጣለውም፤ ለአንድ ታላቅ ተዋናይ ድምፅ አደራ ሰጠው። የመጽሐፉ ፍቅረኞች ሰብለ ወንጌልም በዛብህም መልካቸው በየሰሚው አእምሮ ተሳለ። ቴሌቪዥን የተገላቢጦሽ ነው። መልኩን ያሳያል፤ ተራኪውን ያሰናብታል። ደራሲው በትረካ የነገረን ሁሉ ወይ በሰው አፍ መነገር፣ ወይ በፊት ላይ መታየት፣ ወይ በቤቱና በልብሱ መገለጥ አለበት። አለዚያ ይቀራል።

እርግጥ ተራኪውን ያላሰናበቱም አሉ። ግራናዳ የተባለው የእንግሊዝ ጣቢያ በ1981 በአሥራ አንድ ክፍል ያቀረበው የኢቭሊን ዎ «ብራይድስሄድ ሪቪዚትድ» ተራኪውን እንዳለ ይዞታል። መጽሐፉ በአንደኛ መደብ የተጻፈ ስለሆነ ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሱ ይተርካል፤ ተዋናዩ ጄረሚ አይረንስ ከሥዕሉ በላይ በድምፁ ያነበንባል፤ ያምራልም። በኦስተን መጽሐፍ ግን ይህ መንገድ ቀላል አይደለም። ተራኪዋ በታሪኩ ውስጥ ያለች ሰው ስላልሆነች በቴሌቪዥን ተዋናይ መመደብላት ይከብዳል።

የ1995ቱን ድራማ የጻፈው አንድሩ ዴቪስ ይባላል፤ ዳይሬክተሩ ሳይመን ላንግተን፣ ፕሮዲውሰሯ ሱ በርትዊስል ናቸው። ኤልዛቤትን ጄኒፈር ኤሊ፣ ዳርሲን ኮሊን ፈርዝ ሠሩ። ዴቪስ ችግሩን እንዴት እንደፈታው ለማየት የድራማውን መክፈቻ እንመልከት። መጽሐፉ የሚጀምረው በዚያች ኮስታራ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያም በባልና ሚስቱ ንግግር ነው። ድራማው የሚጀምረው በሁለት ፈረሰኞች ነው። ሁለት ወጣት ወንዶች ሜዳውን እየጋለቡ ይመጣሉ፤ ከሩቅ የሚታየውን ትልቅ ቤት አይተው ልከራየው ይሆን፣ ትከራየዋለህ ወይ ይባባላሉ። ካሜራው ወደ ኮረብታው ዞር ሲል አንዲት ልጅ ብቻዋን በእግሯ ቆማ ታያቸዋለች፤ ፈገግ ብላ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ተነገረ። እነርሱ በፈረስ ናቸው፣ እርሷ በእግሯ ናት። እነርሱ ቤት ይመርጣሉ፤ የእርሷ ቤት የማን እንደሚሆን ሕግ ቀድሞ ወስኖታል። ተመልካችዋም እርሷ ናት፤ የተራኪዋ ዐይን ለኤልዛቤት ተሰጠ ማለት ነው። ያቺ የታወቀች መክፈቻ ዐረፍተ ነገር ራሷ ጥቂት ቆይታ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በኤልዛቤት አፍ እንደ ቀልድ ትመጣለች። ዴቪስ የተራኪዋን ምላስ ወስዶ ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሰጣት። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ብልሃት እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛው ፈተና ደብዳቤው ነበር። ዳርሲ ኤልዛቤትን አግቢኝ ብሎ ይጠይቃታል፤ አጠያየቁ ስድብ ይመስላል። እርሷም ታዋርደዋለች። በማግሥቱ ጠዋት ረጅም ደብዳቤ ይሰጣታል። በመጽሐፉ ደብዳቤው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ደግሞ ኤልዛቤት ደጋግማ እያነበበች ራሷን የምትመረምርበት ነው። በወረቀት ላይ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጥ ቦታ ነው። በቴሌቪዥን ግን ሴት ልጅ ቁጭ ብላ ወረቀት ስታነብ ስንት ደቂቃ ማየት ይቻላል? ዴቪስ አራተኛውን ክፍል የከፈተው በሌላ በኩል ነው። ዳርሲ ተቆጥቶ፣ ተዋርዶ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ ሌሊቱን በሻማ ብርሃን ይጽፋል። የሚጽፈውም በሥዕል ይመጣል፤ ዊካም የተባለው መልከ መልካም መኮንን በተማሪነቱ ያደረገው፣ ኋላም ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረችውን የዳርሲን እኅት ለ30,000 ፓውንድ ጥሎሿ ሲል ሊያስኮበልላት የሞከረው ይታየናል።

እዚህ ላይ የተገኘውም የጠፋውም ግልጽ ነው። የተገኘው ዳርሲ ነው። በመጽሐፉ ዳርሲን የምናየው ባመዛኙ በኤልዛቤት ዐይን ስለሆነ ለረጅም ጊዜ እንደ ተዘጋ በር ነው። ድራማው ሲታጠብ፣ ሰይፍ ሲለማመድ፣ እንቅልፍ አጥቶ ሲጽፍ አሳየን፤ የሚወድና የሚጎዳ ሰው ሆነ። የጠፋው ደግሞ የኤልዛቤት የብቻ ሰዓት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያቺ ልጅ ያለ ማንም እርዳታ፣ በገዛ አእምሮዋ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግማ እየመዘነች፣ እስከ ዛሬ ራሴን አላውቅም ነበር ወደሚል ፍርድ ትደርሳለች። ጄኒፈር ኤሊ ድንቅ ተዋናይት ናት፤ ፊቷ ብዙ ይናገራል፤ ያን ሁሉ መናገር ግን የፊት ሥራ አይደለም። ይህን ለማግኘት መጽሐፉን መክፈት ግድ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉም የምወደው ነው። ኤልዛቤት በኋላ የዳርሲን ግቢ ፔምበርሊን ትጎበኛለች፤ ከእኅቱ ከጆርጂያና ጋርም ትተዋወቃለች። ዳርሲን ለራሷ የምትመኘው የወንደላጤው እኅት ካሮላይን ቢንግሊ ኤልዛቤትን ለማሳፈር ብላ የዊካምን ነገር ታነሣለች፤ ምን ዓይነት ቁስል እየነካች እንደሆነ አታውቅም። በመጽሐፉ ይህ የሚሆነው በቀን፣ ሴቶቹ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ነው፤ ኤልዛቤት ረጋ ብላ መልስ ትሰጥና ነገሩን ታሳልፈዋለች። በድራማው ጊዜው ማታ ሆነ፤ ጆርጂያና ፒያኖ ትጫወታለች። ነገሩ ሲነሣ የልጅቱ ጣቶች ይቆማሉ። ኤልዛቤት ፈጥና ወደ ፒያኖው ትሄድና የኖታውን ገጽ የሚገልጥልሽ ሰው ሳይኖር እንዴት ትጫወቺያለሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ትላታለች። ሙዚቃው ይቀጥላል። ከዚያ ኤልዛቤት ቀና ስትል ዳርሲ እያያት ነው። አንድም ቃል የለም። ያ እይታ ምስጋናም ፍቅርም ነው፤ የፍቅር ጥያቄው መልስ ያገኘው እዚያ ነው ብል አላጋነንሁም። ኦስተን እንዲህ አልጻፈችውም፤ ነገር ግን የጻፈችው ነገር ይኸው ነው። ለመጽሐፍ መታመን ማለት ቃሉን መቅዳት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ትዕይንት ደጋግመው ቢያዩት እወዳለሁ።

በዓለም የታወቀው ግን ሌላ ትዕይንት ነው፤ ዳርሲ በግቢው ኩሬ ዋኝቶ ሸሚዙ እንደረጠበ ኤልዛቤትን የሚያገኝበት። በመጽሐፉ የለም። በመጽሐፉ ዳርሲ ከፈረስ ጋጣው በኩል ብቅ ይላል፤ ያ ብቻ ነው። ጋዜጦች ለዓመታት ያወሩት ስለዚያ ሸሚዝ ነው። እኔ ትዕይንቱን አልነቅፈውም፤ ኩሩው ሰው ሳይዘጋጅ፣ ሳይለብስ መገኘቱ ለታሪኩ ይስማማል። ግን ከእርሱ ቀድሞ ያለው ይበልጥብኛል። ኤልዛቤት ቤቱን ስትጎበኝ የቤቱ ኃላፊ የሆኑት አሮጊት ሚሲስ ሬይኖልድስ ጌታቸውን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ እንደሚያውቁት፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል እንዳልወጣው ይናገራሉ። ስለ አንድ ሀብታም እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቤቱ የሚያገለግሉትን ይጠይቅ፤ ኦስተን ይህን ታውቅ ነበር።

አሁን ወደ ልብሱና ወደ ቤቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የዘመን ድራማ ሲባል ትዝ የሚለው ይህ ነውና። የ1995ቱ ድራማ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶበታል፤ የአሜሪካው ኤ ኤንድ ኢ ጣቢያ ወጪውን ተጋርቷል። ከዚያ በፊት ቢቢሲ የኦስተንን ሥራዎች በአብዛኛው በስቱዲዮ፣ በቪዲዮ ካሴት ይቀርጽ ነበር፤ በ1980 ፌይ ዌልደን የጻፈችው ባለ አምስት ክፍል ሥራ ጥሩ ቢሆንም የመድረክ ቴአትር ይመስላል። የ1995ቱ በፊልም፣ ባመዛኙ በእውነተኛ ቤቶችና መንደሮች ተቀረጸ። ሜሪተን የተባለችው ከተማ በዊልትሸር የምትገኘው ላኮክ መንደር ናት። ፔምበርሊ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ነው፤ ከውጭ የሚታየው በቼሸር ያለው ላይም ፓርክ፣ ከውስጥ የሚታየው በደርቢሸር ያለው ሰድበሪ ሆል ነው።

ልብሱን ያዘጋጀችው ዳይና ኮሊን ናት። አልባሳቱን የመረጠችው እንዲያምሩ ብቻ አይደለም። የቤኔት ልጆች ቀለል ያለ፣ ነጣ ያለ የጥጥ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ አንዱን ልብስ ደጋግመው ሲለብሱት ታያላችሁ። የቢንግሊ እኅቶች ውድ ጨርቅና የላባ ጌጥ ይዘው ሲገቡ በአንድ ክፍል ውስጥ ማን ስንት እንዳለው ሳይነገር ይታወቃል። ልብስ የተራኪውን ሥራ የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ነው። ለማነጻጸር ሆሊውድ በ1940 የሠራውን ፊልም ውሰዱ። ግሪር ጋርሰንና ሎረንስ ኦሊቪዬ የተጫወቱበት ነው። ሴቶቹን የመጽሐፉ ዘመን ስስ ቀሚስ ሳይሆን ከዚያ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ቆይቶ የመጣውን እጅጌው የተነፋ፣ ታቹ የሰፋ ቀሚስ አለበሷቸው፤ ደምቆ ይታያልና። ሁሉም አጊጦ ከታየ ደግሞ የቤኔት ልጆች የገንዘብ ማነስ የት ይታያል?

ይህን ስል ድራማው ከታሪክ ጋር ፍጹም ይስማማል ማለቴ አይደለም። በኔዘርፊልድ ግብዣ ኤልዛቤትና ዳርሲ እየተናከሱ የሚጨፍሩት ጭፈራ «ሚስተር ቤቨሪጅስ ማጎት» ይባላል፤ በ1695 የታተመ ነው። በኦስተን ዘመን ወጣቶች የመቶ ዓመት ጭፈራ አይጨፍሩም ነበር። ነገር ግን ጭፈራው ዝግ ያለ ነው፤ ጥንዶቹ ይቀራረባሉ፣ ይዞራሉ፣ ይለያያሉ፤ በየመገናኛው አንድ ነገር ለመናገር ጊዜ ይሰጣል። ለታሪክ ባለሙያ ስሕተት ነው፤ ለድራማው ልክ ነው። እኔ ከድራማው ጋር እቆማለሁ።

የማልታረቀው ገንዘቡ ሲረሳ ነው። በዚህ ድራማ አልተረሳም። ሻርሎት ሉካስን አስታውሱ፤ የኤልዛቤት ጓደኛ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ሀብት የላት፣ መልክም ብዙ የላት። ያንን አሰልቺ ሚስተር ኮሊንስን ታገባለች። ኤልዛቤት ልትጠይቃት ስትሄድ ሻርሎት ቤቷን ታሳያታለች። ባሏ አትክልቱን እንዲኮተኩት እንደምታበረታታው፣ አንዳንድ ቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደሚተያዩ ረጋ ብላ ትናገራለች። እንባ የለም፤ ሙዚቃ የለም። ሉሲ ስኮት የምትባለው ተዋናይት እንዲህ ስትናገር ፊቷ ላይ ያለው እርካታም ሐዘንም አይደለም፤ ሒሳቡን ሠርታ የጨረሰች ሰው ፊት ነው። ጋብቻ ለሴት የእንጀራ ጉዳይ የሆነበትን ዘመን ከብዙ የታሪክ ትምህርት በተሻለ ያስረዳል።

ለእንዲህ ያለ ትዕይንት ጊዜ ያስፈልጋል። ሲኒማ ሁለት ሰዓት ገደማ አለው። በ2005 ጆ ራይት የሠራው፣ ኪራ ናይትሊ የተጫወተችበት ፊልም ውብ ነው፤ ግን ይሮጣል። ተከታታይ ድራማ አምስት ሰዓት ተኩል አለው፤ በሳምንትና በሳምንት መካከል ደግሞ ተመልካቹ ያስባል፣ ይከራከራል። ቢቢሲ በ1967 የጆን ጎልስዎርዚን የፎርሳይት ቤተሰብ ታሪክ በሃያ ስድስት ክፍል ሲያቀርብ ይህ በሰፊው ታየ። በቀጣዩ ዓመት እሑድ ማታ ሲደገም ምእመናን እንዳይቀሩባቸው የማታ ጸሎት ሰዓታቸውን የለወጡ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ክፍል በክፍል መቅረብ ለልቦለድ ባዕድ አይደለም። ቻርልስ ዲከንስ «ብሊክ ሃውስ»ን ከ1852 እስከ 1853 በየወሩ እየቆረጠ ነው ያሳተመው። አንድሩ ዴቪስ በ2005 ያንኑ መጽሐፍ ሲጽፈው በአብዛኛው በግማሽ ሰዓት ክፍሎች፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲታይ አደረገው፤ የዲከንስ አንባቢዎች ይጠብቁ እንደነበረው ተመልካቹም ጠበቀ።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ጉድለት አለ። ካሜራ ትልቅ ቤት ይወዳል። ሣሩን፣ ደረጃውን፣ የብር ዕቃውን ያሳያል፤ ዕቃውን ማን እንደወለወለው ለማሳየት ግን አይቸኩልም። ገንዘቡስ ከየት መጣ? ኦስተን ራሷ በ1814 ባሳተመችው «ማንስፊልድ ፓርክ» የቤቱ ጌታ ሰር ቶማስ በካሪቢያኗ አንቲጓ ርስት አለው። በዚያ ዘመን የባሪያ ጉልበት የነበረበት አገር ነው። ፋኒ የተባለችው ልጅ ስለ ባሪያ ንግድ ስትጠይቀው ክፍሉ ጸጥ ማለቱን ደራሲዋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሳ ታልፋለች። እንግሊዝ ንግዱን የከለከለችው በ1807 ነው፤ ባርነቱን ራሱን በሕግ የሻረችው ግን በ1833 ነው፤ ያን ጊዜም የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የተመደበው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነበር። በ1999 ፓትሪሺያ ሮዜማ መጽሐፉን ፊልም ስታደርገው ያንን ጸጥታ ሰበረችው፤ ፋኒ በአንቲጓ የሚፈጸመውን ግፍ የሚያሳዩ ሥዕሎች ስታገኝ አሳየች። ብዙ አከራከረ። መጽሐፉ ውስጥ የለም ተባለ። ጸጥታው ግን መጽሐፉ ውስጥ አለ። ዳርሲ ሲዋኝ ማሳየት ከተፈቀደ ይህን ማሳየት የማይፈቀድበት ምክንያት አይታየኝም።

ውድ አድማጮች፣ ድራማውን ያያችሁ ካላችሁ መጽሐፉን ፈልጋችሁ አርባ ሦስተኛውን ምዕራፍ አንብቡ፤ ኤልዛቤት ወደ ፔምበርሊ የምትሄድበት ነው። ያላያችሁም ከዚያው መጀመር ትችላላችሁ። የመጽሐፉ መብት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ድራማውን ክፈቱ፤ ተራኪዋ የነገረቻችሁ እያንዳንዱ ነገር የት እንደገባ፣ የትኛው በፊት፣ የትኛው በልብስ፣ የትኛው በሙዚቃ እንደተተካ፣ የትኛውስ እንደቀረ እየለያችሁ እዩት።